ስለ ውሻ አያያዝና ስለ ጤናው

ሰው ካለመዳቸው እንስሳት ሁሉ ከሰው ጋራ በመኖር ውሻን የሚቀድመው የለም። በሬ ለቀንበር፥ ፈረስ ለልጓም፥ በግም ለጋጥ ከመገዛታቸው አስቀድሞ ውሻ በሰው እሳት አጠገብ ተኝቶ ይሞቅ ነበር። በጀርመን አገር ከ14 ሺህ ዓመት በፊት ከሰው ጋራ ባንድ መቃብር የተቀበረ ውሻ ተገኝቷል። ውሻው ገና ቡችላ ነበረ። የጥንቱን ዘመን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንትም ጥርሱን መርምረው፥ ከመሞቱ በፊት ብዙ ቀን ታሞ እንደ ነበረና ሰው ባያስታምመው ኖሮ ያን ያህል ሊቈይ እንደማይችል ገምተዋል። እንግዲህ የታመመ ውሻን ማስታመም ዛሬ የመጣ ቅንጦት ሳይሆን፥ ሰው ከውሻ ጋራ መኖር ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ የነበረ ሥራ ነው።

በአገራችን ገጠር ጅብ ወደ በረት እንዳይገባ፥ ቀበሮ ግልገል እንዳይነጥቅ፥ ዝንጀሮ አዝመራ እንዳያጠፋ፥ ሌባም በጨለማ እንዳይመጣ የሚጠብቅ ውሻ ነው። ሌሊቱን ሁሉ ነቅቶ ስላደረ ደመወዝ አይጠይቅም፤ የሚቀበለው ትራፊ እንጀራ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ማለትም ይህን ታማኝነቱን አይተው አባቶች የተናገሩት ነው። ዳሩ ግን ብዙ ሰው ውሻውን ለሥራው ሲፈልገው ለጤናው አያስብለትም። ቢታመም «ውሻ ነው» ይባላል፤ ቢሞትም ሌላ ቡችላ ይፈለጋል። ይህ አሳብ የሚጐዳው እንስሳውን ብቻ አይደለም። የውሻ ሕመም በውሻ ላይ አይቀርም፤ ወደ በጎች፥ ወደ ከብቶች፥ ከሁሉም ይልቅ ወደ ልጆች ይሻገራል። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ውሻውን በደኅና የያዘ ሰው ልጆቹን ጠበቀ ማለት ነው።

ለእንስሳ መራራት በሃይማኖትም የተመሰገነ ነው። በመጽሐፈ ጦቢት፥ ጦብያ ከመልአኩ ጋራ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው አብሮት እንደ ሄደ ተጽፏል። በእስላሞችም ዘንድ፥ ለተጠማ ውሻ ከጕድጓድ ውኃ በጫማው ቀድቶ ስላጠጣ ሰው ኀጢአቱ እንደ ተሰረየለት ይነገራል። ውሻን ከቤት ውጭ ማሳደር፥ የምንበላበትንም ዕቃ እንዳይልስ መከልከል የቈየ ልማድ ነው፤ ለንጽሕናም መልካም ነው። ነገር ግን ከቤት ውጭ ማሳደርና ጨርሶ መጣል አንድ አይደለም።

ስለ ምግቡና ስለ ውኃው

ቡችላ ሲወለድ ዐይኑ የተዘጋ ነው፤ የሚገለጠውም በ2 ሳምንት ግድም ነው። እስከ 8 ሳምንት ድረስ ከእናቱ ሊለይ አይገባም። ከወንድሞቹ ጋራ ሲጫወት አጥብቆ የነከሰ እንደ ሆነ የተነከሰው ይጮኽበታል፤ ጨዋታውንም ይተውበታል። በዚህም የንክሻውን ልክ ይማራል። ይህን ትምህርት ሳይጨርስ የተወሰደ ቡችላ ሲያድግ እጅ የሚይዝና የሚነክስ ሊሆን ይችላል። ከእናቱ ከተለየ በኋላ እስከ 6 ወር ድረስ ሆዱ ትንሽ ስለ ሆነ በቀን 3 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ማብላት ይገባል፤ ካደገ ግን ጧትና ማታ 2 ጊዜ ይበቃዋል።

እንጀራና ቂጣ ብቻውን ለውሻ አይበቃም። ውሻ ከሥጋ በሎች ወገን ስለ ሆነ፥ ከእህሉ ጋራ ሥጋ ወይም ዕንቍላል ወይም ከወተት የተገኘ ነገር ያስፈልገዋል። ለዚህም ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያሻም። ሰው የማይበላው ሳንባና የሥጋ ቍራጭ በደንብ ተቀቅሎ መረቁ በፍርፋሪ ላይ ቢፈስለት ይጠግባል፤ ኀይልም ያገኛል። በጾም ወራት ቤተ ሰቡ ከሥጋና ከወተት ሲከለከል ትራፊውም ሽሮና ጐመን ብቻ ይሆናል። ጾም ግን ለሰው እንጂ ለውሻ አልተሠራም፤ ስለዚህ ወተት ሲናጥ አሬራውን ወይም አጓቱን በጥቂቱ ከፍርፋሪው ጋራ መስጠት መልካም ነው።

ለውሻ ሊሰጥ የማይገባውም አለ። ነጭም ሆነ ቀይ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል፤ ስለዚህ ሽንኩርትና በርበሬ የበዛበትን የወጥ ዝቃጭ አዘውትሮ መስጠት ይጐዳዋል። የተቀቀለ የዶሮ ዐጥንትም ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል፤ ጕሮሮውን ወይም አንጀቱን ሊበሳው ይችላል። ውኃ ግን ሌሊትና ቀን ሳይለይ ከአጠገቡ ሊታጣ አይገባም። ውኃው በየቀኑ ይለወጥ፤ ዕቃውም ይታጠብ፤ ይህም ዕቃ ለውሻው ብቻ የተለየ ይሁን።

ምግቡ የበቃው መሆኑን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም። ጎኑን በእጅ መዳሰስ ይበቃል። የጎድን ዐጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ የሚታወቅ፥ ከሩቅ ሲታይ ግን የማይቈጠር እንደ ሆነ በልኩ በልቷል ማለት ነው። ከሩቅ የሚቈጠር እንደ ሆነ ርቦታል ወይም ሆዱ ውስጥ ትል አለ። ቢዳሰስም የማይገኝ እንደ ሆነ እጅግ ወፍሯል፤ ለመሮጥም ይሰንፋል።

ስለ ማደሪያውና ስለ ንጽሕናው

ብዙ ውሻ ክረምቱን በጭቃ ላይ ተኝቶ ያሳልፋል። ይህም ሳንባውንና መገጣጠሚያውን ያሳምመዋል። ከእንጨትና ከሣር ትንሽ ጎጆ ልጆች ራሳቸው ሊሠሩለት ይችላሉ። ወለሉ ከምድር ጥቂት ከፍ ይበል፤ በሩ ነፋስ በሚመጣበት በኩል አይሁን፤ በውስጡም ደረቅ ገለባ ይነጠፍ። ገለባውን በየሳምንቱ አውጥቶ ማቃጠል ያስፈልጋል፤ የቍንጫ ዕንቍላል ከውሻው ላይ እየረገፈ በመኝታው ዙሪያ ይከማቻልና።

መዥገር የነከሰው እንደ ሆነ ከቈዳው አጠገብ በጥንቃቄ ይዞ ቀስ ብሎ ቀጥ አድርጎ መንቀል፥ ከዚያም በእሳት ማቃጠል ይገባል። በጣት መጨፍለቅ አይገባም፤ በመዥገር ደም ውስጥ ሕመም አለና። ጠጕሩ የረገፈ፥ ሌሊትና ቀን የሚያክ ውሻ እከክ ይዞታል። እንዲህ ያለውን ውሻ አንዳንድ ሰዎች በላምባ ወይም በተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀቡታል። ይህ ከባድ ስሕተት ነው፤ ቈዳውን ያቃጥላል፥ ሲልሰውም ይመርዘዋል። የእከክ መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይገኛል።

የውሻ ኵስ በልጆች መጫወቻ ሜዳ ሊቀር አይገባም። በውስጡ የትል ዕንቍላል አለ፤ ዕንቍላሉም በዐፈር ውስጥ ብዙ ወር ይቈያል። በዐፈር የተጫወተ ልጅ እጁን ሳይታጠብ የበላ እንደ ሆነ ትሉ ወደ ሆዱ ገብቶ ጕበቱን፥ አንዳንድ ጊዜም ዐይኑን ያሳምማል። ስለዚህ ኵሱን በአካፋ አንሥቶ መቅበር፥ ውሻን ከዳሰሱም በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ቡችላ ሁሉ ከእናቱ ትል ይወርሳል ብሎ መገመት ይሻላል፤ የትል መድኃኒቱንም ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ መስጠት ይገባል።

ስለ መታሰሩና ስለ መንቀሳቀሱ

ውሻ በተፈጥሮው ሯጭ ነው። እግሩ፥ ሳንባውና ልቡ ለሩጫ የተዘጋጀ ሲሆን፥ ባጭር ገመድ ታስሮ ዓመቱን ሁሉ ባንድ ቦታ የሚዞር ውሻ ሰውነቱ ይደክማል፤ ጠባዩም ይበላሻል። ብዙ ሰው ውሻው ቍጡ እንዲሆን ብሎ ያስረዋል። ነገር ግን ቍጡ ውሻና ጠባቂ ውሻ አንድ አይደሉም። ጠባቂ ውሻ ወዳጅን ከእንግዳ፥ እንግዳንም ከሌባ ይለያል። ሲታሰር የኖረ ውሻ ግን ሰውና መንገድ አላየምና ሁሉን ይፈራል፤ ስለሚፈራም ሁሉን ይነክሳል። ገመዱ በተበጠሰ ቀን መጀመሪያ የሚያገኘው ሌባውን ሳይሆን ውኃ ልትቀዳ የወጣችውን የጎረቤት ልጅ ነው።

ስለዚህ ውሻን በቀን ማሰር ግድ የሆነ እንደ ሆነ ገመዱ ረዥም፥ የአንገቱም ማሰሪያ ሰፊ ይሁን። በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት ሊገባ ይገባል። ቡችላ ሲያድግ አንገቱም ይወፍራልና ማሰሪያውን በየሳምንቱ መመርመር ያስፈልጋል፤ ሳይታይ ቈይቶ ሥጋ ውስጥ የገባ ማሰሪያ ብዙ ውሻ ገድሏል። በሁለት እንጨት መካከል ሽቦ ወጥሮ ገመዱን በሽቦው ላይ በሚንሸራተት ቀለበት ማሰር ይቻላል፤ ያን ጊዜ ውሻው ታስሮም ሳለ ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳል።

ከዚህም በቀር ጧት ፀሐይ ሳይበረታ፥ ማታም ሲቀዘቅዝ፥ በየጊዜው ግማሽ ሰዓት ያህል በገመድ ይዞ ማስኬድ ለአዋቂ ውሻ መልካም ነው። ከብት ጠባቂ ልጅን ተከትሎ የሚውል ውሻ ግን የሚበቃውን ያህል ስለሚሄድ ሌላ አያስፈልገውም። ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ስለዚህ በቆላ አገር በቀትር ማስሮጥ ሊገድለው ይችላል። እጅግ ቢያለከልክ፥ ልጋጉም ቢበዛ፥ ቢንገዳገድም ወደ ጥላ ወስዶ ሆዱንና እግሩን በቀዝቃዛ ውኃ ማራስ፥ በጥቂት በጥቂቱም ማጠጣት ያስፈልጋል። ብዙ ከበላ በኋላ ወዲያው ማስሮጥ አይገባም። ዐጥንቱ ያልጠነከረ ቡችላና ያረጀ ውሻም የሚችሉትን ያህል ይሂዱ እንጂ በግድ አይጐተቱ።

በእርድ ቀን ስለሚደረግ ጥንቃቄ

በፋሲካ፥ በመስቀል፥ በዒድም ሆነ በሠርግ ቀን ከብት ሲታረድ ለውሻ የሚጣለው ነገር ታላቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ በግ ከመንጋው ተለይቶ፥ አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ፥ ባንድ ስፍራ ሲዞር ቢታይ ገበሬዎች «አዙሪት ያዘው» ይላሉ። የዚህ ሕመም ምክንያት በአንጐሉ ውስጥ ያደገ ውኃ የሞላበት ከረጢት ነው። ከረጢቱም የትል ልጅ ነው። ያ በግ ሲታረድ ጭንቅላቱ ለውሻ የተጣለ እንደ ሆነ ትሉ በውሻው አንጀት ያድጋል፤ ዕንቍላሉም ከኵሱ ጋራ በሣር ላይ ይበተናል፤ ሣሩን የጋጡ ሌሎች በጎችም ይታመማሉ። ባለቤቱ በጎቹ ለምን እንደሚያልቁ ሳያውቅ ሕመሙን በገዛ እጁ ይዘራዋል።

ለሰውም የሚተርፍ ይህን የሚመስል ሌላ ትል አለ። በታረደ ከብት ሳንባና ጕበት ላይ ውኃ የያዘ ነጭ ከረጢት ይገኛል። ውሻ ይህን ጥሬውን የበላ እንደ ሆነ ትሉ በሆዱ ያድግና ዕንቍላሉ በጠጕሩና በአፉ ዙሪያ ይቀራል። ውሻውን የዳሰሰ ልጅም እጁን ሳይታጠብ የበላ እንደ ሆነ ከረጢቱ በልጁ ጕበት ወይም ሳንባ ውስጥ በቀስታ ብዙ ዓመት ያድጋል። ስለዚህ ከረጢት የተገኘበት ሥጋና የታመመ በግ ጭንቅላት ለውሻ ሊጣል አይገባም፤ ይቃጠል ወይም ውሻ ቈፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር። ለውሻ የሚሰጠውም ሌላው ሁሉ ተቀቅሎ ይሰጠው።

ስለ ውሻ እብደት

ከውሻ ሕመም ሁሉ የሚከፋው እብደት ነው። ይህ ሕመም በዐይን ከማይታይ ረቂቅ ተሐዋሲ ይመጣል፤ ሰው ሁሉ ቫይረስ የሚለው ነው። ተሐዋሲው ባበደው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይገኛል፤ በንክሻ ወይም ቍስልን በመላስ ወደ ሌላው ይገባል። ከገባም በኋላ በጅማት መንገድ ቀስ ብሎ ወደ አንጐል ይጓዛል። ይህ ጕዞ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ አንዳንድ ጊዜም ጥቂት ቀን ወይም ዓመት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሁሉ የተነከሰው ሰው ደኅና ይመስላል። የሕመሙ ምልክት ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት አልተገኘም፤ በሽተኛው ይሞታል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን በክትባት ፈጽሞ መከላከል ይቻላል። ሞትና ሕይወት የሚለዩት በዚህ በመካከሉ ባለው ጊዜ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው በዚህ ሕመም በያመቱ ወደ 59 ሺህ ሰው ይሞታል። ከ100 በሽተኞች 99 ሕመሙን ያገኙት ከውሻ ነው። ያበደ ነው ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከተነከሱት ሰዎች ከ100ው 40ዎቹ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ተማሪዎች ሊያውቁት ይገባል።

የክትባቱ ነገር የተጀመረው በፈረንሳይ አገር ነው። በ1885 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር፥ ዮሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ ባበደ ውሻ ብዙ ስፍራ ተነክሶ፥ እናቱ ሉዊ ፓስተር ወደሚባለው ሊቅ ወደ ፓሪስ አመጣችው። ፓስተር በእንስሳት ላይ የፈተነውን ክትባት 13 ጊዜ ተወግቶ ልጁ ዳነ። አድጎም በፓስተር ስም በተሠራው የምርምር ቤት ዘበኛ ሆኖ ኖረ።

ያበደ ውሻ ምልክቱ በሁለት ዐይነት ይታያል። አንደኛው ዐይነት ጠባዩ የተለወጠ ነው፤ የዋሁ ይቈጣል፥ ድምፁ ይጐረናል፥ እንጨትና ድንጋይ ይነክሳል፥ ልጋጉ ይዝረከረካል፥ ያለ ምክንያት ብዙ መንገድ ሄዶ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። ሁለተኛው ዐይነት ዝምተኛ ነው፤ በጨለማ ስፍራ ይደበቃል፥ መንጋጋው ይወድቃል፥ መዋጥ አይችልም፥ ኋላም እግሩ ይሰንፋል። ይህን ሁለተኛውን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «ዐጥንት ጕሮሮው ላይ ተሰክቶበታል» ብሎ አዝኖ እጁን ወደ አፉ ያገባል። ይህ እጅግ የሚያስፈራ ስሕተት ነው፤ አፉ የማይገጠም ውሻ ባያችሁ ጊዜ እጃችሁን ከቶ አታግቡ። «ውኃ የጠጣ ውሻ አላበደም» የሚሉም አሉ፤ ይህም እውነት አይደለም። ውኃ የሚያስፈራው የታመመውን ሰው ነው፤ ያበደ ውሻ ግን ወንዝ ሊሻገር፥ ውኃም ሊልስ ይችላል። እንደዚሁም ውሻ የሚያብደው በበጋ ፀሐይ ነው ይባላል፤ ተሐዋሲው ግን ክረምትና በጋ አይመርጥም።

የተነከሰ ሰው ምን ያድርግ

መጀመሪያ ሳይዘገይ ቍስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥብቆ ይጠብ። ይህ ቀላል ሥራ ቢመስልም ብዙውን ተሐዋሲ ከቍስሉ ያስወግዳል። ሁለተኛ፥ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ክትባቱም ይጀመርለት። ቍስሉ የጠለቀ ወይም በራስና በፊት ላይ የሆነ እንደ ሆነ ከክትባቱ ጋራ ሌላ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ከራስ እስከ አንጐል መንገዱ አጭር ነውና። ክትባቱ በተለያየ ቀን የሚሰጥ ስለ ሆነ ሐኪሙ የሰጠውን ቀጠሮ አንድ እንኳ መተው አይገባም። ቍስሉን በትኵስ ብረት መተኰስ፥ ቅጠልና በርበሬ መነስነስ አይጠቅምም፤ ጊዜም ያሳልፋል። በጸሎትና በጠበል የሚያምን ሰው እምነቱን አይተው፤ ነገር ግን ክትባቱን አስቀድሞ ይቀበል።

የነከሰው ውሻ የሚታወቅ እንደ ሆነ 10 ቀን ታስሮ ይጠበቅ። እስከ 10 ቀን ደኅና ሆኖ የቈየ እንደ ሆነ፥ በነከሰ ቀን ሕመሙ በምራቁ አልነበረም ማለት ነው። ዳሩ ግን ይህን እየጠበቁ ክትባቱን ማዘግየት አይገባም፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ ክትባቱ ይቁም ወይም ይቀጥል ብሎ ይወስናል። ውሻው የሞተ እንደ ሆነም በባዶ እጅ ሳይነኩ ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ተማሪዎች ሆይ፥ ይህን በተለይ ልብ አድርጉ። ልጅ ሲነከስ ብዙ ጊዜ ይደብቃል። ከብት ጥሎ ሲጫወት የተነከሰ እንደ ሆነ ቍጣን ይፈራል፤ የነከሰው የጎረቤት ውሻ እንደ ሆነ ጠብ እንዳይነሣ ያስባል፤ ቍስሉ ትንሽ ጭረት እንደ ሆነም ይንቀዋል። ከ2 ወር በኋላ ቍስሉ ድኖ ሳለ ሕመሙ ይነሣል፤ ያን ጊዜ የአባት ጸጸትና የእናት ልቅሶ አያድነውም። ስለዚህ ጭረትም ቢሆን፥ ቡችላም ቢሆን፥ ለእናት ለአባት ወይም ለመምህር በዚያው ሰዓት ተናገሩ። ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ መነከሱን ያያችሁ እንደ ሆነ እናንተ ንገሩለት። ወላጆችም የተነከሰውን ልጅ ከመቈጣት ይጠንቀቁ፤ አንድ ቀን የተቈጡት ልጅ ሁለተኛ አይናገርምና።

ሕመሙን ከሥሩ ስለ መከልከል

ሰውን ከመክተብ ይልቅ ውሻውን መክተብ ይቀላል፤ ዋጋውም እጅግ ያነሰ ነው። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም ሐኪሙ እንዳዘዘው፥ ብዙውን ጊዜ በያመቱ፥ ይደገምለታል። ባንድ መንደር ካሉት 100 ውሾች 70ው የተከተቡ እንደ ሆነ ሕመሙ የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። ስለዚህ ክትባት ያንድ ቤት ጕዳይ አይደለም፤ እንደ ደቦ ሥራ መንደሩ ሁሉ በኅብረት የሚሠራው ነው። ማሳደግ የማይቻለውን ቡችላ በሜዳ መጣልም ክፉ ልማድ ነው፤ ያልተከተበ ጠያቂ የሌለው ውሻ የሚበዛው ከዚህ ነውና። እንዳይወልዱ ወንዱን ማኮላሸት ሴቴዋንም ማምከን ለሐኪም የሚታወቅ ሥራ ነው።

የውሻ ክትባት የዱር አራዊትንም ያድናል። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ዛሬ ቍጥሩ ወደ 500 ግድም ነው፤ አብዛኛውም በባሌ ተራሮች ይኖራል። በ1996 ዓ.ም. ከመንደር ውሾች የተላለፈ እብደት ወደ እነዚህ ቀበሮዎች ገብቶ፥ ሕመሙ በደረሰበት ሸለቆ ከ4ቱ ቀበሮ 3ቱን ያህል ገደለ። ከዚያ ወዲህ በተራሮቹ ዙሪያ የሚኖሩ ውሾችን መከተብ ቀበሮዎቹን ለመጠበቅ ዋና ሥራ ሆኗል።

ልጆች በውሻ ፊት

በመንገድ የማታውቁት ውሻ የመጣባችሁ እንደ ሆነ አትሩጡ፤ አትጩኹም፤ የሚሮጠውን ማሳደድ የውሻ ተፈጥሮ ነውና። እንደ ዛፍ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ እጃችሁን ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉ፤ ዐይኑን ሳታተኵሩ ወደ ምድር ተመልከቱ። አሽትቶ ይሄዳል። ጥሎአችሁ እንደ ሆነም ፊታችሁን ወደ ምድር አድርጋችሁ፥ አንገታችሁንና ጆሮአችሁን በእጃችሁ ሸፍናችሁ፥ እንደ ድንጋይ ተኰማትራችሁ ዝም በሉ። የሚበላን፥ የተኛን፥ ቡችላ የምታጠባንም ውሻ አትንኩ። በድንጋይ መወገርም ይቅር፤ ልጅ ሲወግረው ያደገ ውሻ ልጅን ሁሉ ጠላት አድርጎ ያያልና።

እንግዲህ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ሦስት ነገር መርምሩ። በውኃ ዕቃው ንጹሕ ውኃ አለን? የአንገቱ ማሰሪያ ሁለት ጣት ያስገባልን? የመጨረሻውን ክትባት የተከተበው መቼ ነው? የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን እናንተ ራሳችሁ ልታቃኑት ትችላላችሁ። ለሦስተኛው መልስ የሌለ እንደ ሆነ ለአባታችሁና ለእናታችሁ ንገሩ፤ የእንስሳት ሐኪም ወደ ቀበሌው በሚመጣበት ቀንም ውሻችሁን በገመድ ይዛችሁ ከሁሉ አስቀድማችሁ ውጡ። እርሱ ሌሊት ይጠብቃችኋል፤ እናንተ ደግሞ በቀን ጠብቁት።